የጡት ካንሰር የሕዋሳት መብዛት ብቻ አይደለም

«ካንሰር ማለት ሕዋሳት ያለልክ መብዛታቸው ነው» የሚለውን አባባል ናሙና በማይክሮስኮፕ በመረመርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከታካሚም ከሕክምና ተማሪም ሰምቻለሁ፤ ግማሹ እውነት በመሆኑ ለማረም እጅግ ያስቸግራል። በእርግዝና ወቅትም የጡት ሕዋሳት በብዛት ይራባሉ፤ ሥርዓታቸውን ስለሚጠብቁ ግን ካንሰር አይሆኑም።

ጤናማ የወተት ቱቦ ተቆርጦ ሲታይ ቀለበት ይመስላል። የውስጠኛው ረድፍ ሕዋሳት አናታቸውን ወተት ወደሚወርድበት ክፍት ቦታ፣ መሠረታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ወተቱን ጨምቀው የሚገፉ ሕዋሳት አሉ፤ ሁሉንም አንድ ስስ ሽፋን ይከባቸዋል። ሕዋሱ አናቱንና መሠረቱን መለየት ሲሳነው ልጓም የሚሆነው ምልክት ይጠፋዋል፤ ቱቦውም ይደፈናል። ሽፋኑ እስካልተጣሰ ድረስ በሽታው እዚያው የታጠረ ነው፤ ከተጣሰ ግን ወደ ሊምፍና ወደ ደም ሥር መንገድ ያገኛል።

በ1997 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመራማሪዋ የሚና ቢሰል ቡድን የጡት ካንሰር ሕዋሳትን ጄል ውስጥ አሳድጎ፣ ከአካባቢያቸው ጋር የሚያያይዛቸውን ኢንተግሪን የተባለ ፕሮቲን ሲያግድ፣ ሕዋሳቱ የዘረመል ጉድለታቸው ሳይነካ ወደ ጤናማው ቅርጽ የቀረበ አደራደር ያዙ። እኛ ናሙና መርማሪዎችም ግሬድ፣ ማለትም የዕጢው ሕዋሳት ከጤናማዎቹ ምን ያህል እንደራቁ የሚያሳይ ነጥብ፣ የምንሰጠው በሦስት መመዘኛ ነው፤ የመራባት ፍጥነት አንዱ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው የኒውክለስ ቅርጽ፣ ሦስተኛው የቱቦ አሠራር ነው። ከዕጢው ከ75 በመቶ በላይ ቱቦ ከሠራ 1 ነጥብ፣ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ 3 ነጥብ ይያዛል። ግሬድን ከበሽታው የስርጭት ደረጃ ጋር አታምታቱት።

«ካላመመ አያሰጋም» ይባላል፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» በሚል ፍርሃት ናሙና ሳይሰጡ የሚቆዩ ሰዎች የሚያጡት የሕክምና ጊዜያቸውን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «እብጠት ካልተዳሰሰ ካንሰር የለም» የሚለው ነው። ሎቡላር በሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያጣብቀው ኢ-ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን በአብዛኛው ስለሚጠፋ፣ ሕዋሳቱ ሳይቋጠሩ አንድ በአንድ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይገባሉ፤ በማሞግራፊም (በጡት ራጅ) ሊያመልጡ ይችላሉ። አንዲት እናት ጡታቸው በአንድ ወገን ጠጠር ብሎባቸው ቢሄዱም «እብጠት የለም» ተብለው ተመልሰው ነበር። ናሙናቸው ዘግይቶ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ኢ-ካድሄሪን መኖሩን የሚያሳየው ቡናማ የምርመራ ቀለም በጤናማው ቱቦ ላይ ደምቆ፣ በአጠገቡ በተሰለፉት ሕዋሳት ላይ ግን ጨርሶ አልነበረም። የጡት መጠጠር፣ የጫፉ ወደ ውስጥ መግባት ወይም የቆዳው መጨማደድ ካያችሁ፣ እብጠት ባይዳሰስም በደንብ ሳትመረመሩ አትመለሱ።