ስንክሳር፦ በጸሎት ሰዓት የሚነበብ ታሪክ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በብዛት የሚያውቀው ከስንክሳር ነው። መጽሐፉ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለእያንዳንዱ ዕለት የተመደበ ንባብ አለው። በዚያ ቀን ያረፉ ቅዱሳን፣ አንገታቸውን ለሰይፍ የሰጡ ሰማዕታት፣ የተሰደዱ ጳጳሳትና የተደረጉ ጉባኤያት ይታሰቡበታል። ለምሳሌ ኅዳር 9 የኒቅያ ጉባኤ መታሰቢያ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች የደነገጉት የሃይማኖት ጸሎት ዛሬም በቅዳሴ ይደገማል፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱም ቅዳሴ ሠለስቱ ምዕት ተብሎ በስማቸው ይጠራል።

መጽሐፉ በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋጀው የዐረብኛ ስንክሳር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ወደ ግእዝ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን ትርጉሙን ተቀብለው ዝም አላሉም። በተለይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተደረገው እርማት የአገራቸውን ቅዱሳን አስገቡበት፤ ያሬድ ግንቦት 11፣ ላሊበላ ሰኔ 12፣ ተክለ ሃይማኖት ነሐሴ 24 ይታሰባሉ። በየታሪኩ መጨረሻም «ሰላም ለ...» እያለ የሚጀምር፣ አርኬ የሚባል ባለ አምስት ስንኝ ግጥም ጨመሩ። ስለዚህ ታሪኩ ተነግሮ ሲያበቃ ወደ ምስጋና ይሻገራል፤ አድማጩ ስለ ሰውየው ከሰማ በኋላ ለሰውየው ሰላምታ ያቀርባል። በእኔ እምነት የኢትዮጵያው ስንክሳር ትልቁ ውበት ይህ ነው።

የግንቦት 11ን ንባብ ቀረብ ብለን እንየው። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በመምህሩ ግርፋት ተማርሮ ይሸሻል። ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ሲሞክር፣ እየወደቀ ደጋግሞ ሲነሣ፣ በመጨረሻም ሲደርስ ያያል። ከዚያ ወደ መምህሩ ይመለሳል። ኋላ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ሁለቱም በዜማው ተመስጠው የንጉሡ ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ደም እስኪፈስ አንዳቸውም አላወቁም። ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ዜማ የሚማር የአብነት ተማሪ ይህ ንባብ ሲነበብ የሚሰማው የገዛ ኑሮውን ነው። ያሬድን በመጽሐፍ ከማወቁ በፊት በሕይወት ያገኘዋል።

ንባቡ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ይወጣል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ካህኑ የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ የዕለቱን መታሰቢያ ይከተላል፤ ገብረ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም የሚሉት ስሞች እንዲህ ይመጣሉ። በየወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር ሲሰበሰብ፣ ጠላውና ዳቦው ሲባረክ፣ ደሃ ሲጠራ፣ ዝክሩ የሚቆመው በዚሁ የመታሰቢያ ሥርዓት ላይ ነው። ጾሙም ቢሆን ከታሪክ አይለይም። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል የሚባለው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፋርሶችን ድል አድርጎ ቅዱስ መስቀሉን ወደ ኢየሩሳሌም በመለሰው በንጉሥ ሕርቃል ስም ነው።

ስንክሳር ለምእመን ሕይወት የተጻፈ መጽሐፍ እንጂ የቤተ መዛግብት ሰነድ አይደለም፤ ተአምሩንና ክንውኑን አንድ ላይ ይተርካል። ስለዚህ ከሌሎች ምንጮች ጋር አስተያይቶ ማንበብ እምነትን አይጎዳም። ሐምሌ 26 የሚታሰበው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በሌላ ስሙ ፍሬምናጦስ፣ ጥሩ ማሳያ ነው። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮሙ ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ገዦች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ በኒቅያ የተወገዘውን የአርዮስን ወገን በያዘው በእስክንድርያው ጳጳስ እንዲመረመር ወደዚያ ላኩልን ብሎ ጠይቆ ነበር። ደብዳቤውን ያቆየልን ፍሬምናጦስን የሾመው፣ በዚያን ጊዜ ከእስክንድርያ መንበሩ የተሰደደው አትናቴዎስ ራሱ ነው። በስንክሳር «ብርሃንን የገለጠ» ተብሎ የሚመሰገነው አባት በዘመኑ በነበረው የእምነት ክርክር የንጉሥ ዓይን ያረፈበት ሰው እንደነበር ከዚህ እንረዳለን። ይህን የሚያውቅ ሰው ሐምሌ 26 ቀን አርኬውን ሲሰማ የሚሰማው ነገር ይበዛል።

የሰማዕታት መዝገብ ደግሞ አልተዘጋም። በገጾቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው፣ የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ያስነሣው ስደት የሩቅ ዘመን ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. በሊቢያ የባሕር ዳርቻ አንገታቸው የተቀላው 21 ክርስቲያኖች፣ 20 ግብፃውያንና አንድ ጋናዊ፣ በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ውስጥ ገብተዋል። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው አገር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲገደሉ በየቤቱ የተለቀሰው ልቅሶ ገና አልተረሳም።

ችግሩ ንባቡ በግእዝ ብቻ ሲቀር ነው። ካህኑ አንብቦ ሲጨርስ ሕዝቡ ስሙን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከመስከረም እስከ የካቲትና ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን በሁለት ቅጽ የታተመው የአማርኛ ስንክሳር ይህን ክፍተት የሚሞላ ነው። በየደብሩ ከግእዙ ቀጥሎ አማርኛው ቢነበብ፣ በውጭ አገር ተወልደው አማርኛውም ለሚከብዳቸው ልጆች ደግሞ የዕለቱ ታሪክ በሚሰሙት ቋንቋ ባጭሩ ቢነገር የሚያስፈልገው የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።