የጋያ መላምት ማለት «ፕላኔቷ ታስባለች» ማለት ነው?

ለወጣቶች በሚጻፉ የሳይንስ ልቦለዶች ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። ደኑ ይጨፈጨፋል፣ ባሕሩ ይበከላል፣ ከዚያ ፕላኔቷ ትነቃለች። ትቆጣለች፤ ከአንዲት ልጅ ጋርም በሕልም ታወራለች። አንባቢውም «ይሄ እኮ የጋያ መላምት ነው» ይላል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መላምቱን ያነሳው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከባዮሎጂስቷ ሊን ማርጉሊስ ጋር አዳበረው። ስሙ የጥንት ግሪኮች የምድር አምላክ ስም ነው፤ ለብዙ ሰው መሳሳት አንዱ ምክንያት ይኸው ስም ይመስለኛል። ሐሳቡ ራሱ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከአየሩ፣ ከውኃውና ከዓለቱ ጋር ተሳስረው ምድርን ለኑሮ የተመቸች ያደርጓታል የሚል ነው። ማሰብ የሚባል ነገር የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ላቭሎክና አንድሩ ዋትሰን በሒሳብ ስሌት የፈጠሯትን ዓለም እንይ። ጥቁርና ነጭ አበቦች ብቻ አሉባት። ፀሐይዋ ስትደክም ሙቀት የሚይዙት ጥቁሮቹ ይበዛሉ፤ ፕላኔቷም ትሞቃለች። ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ ብርሃን የሚመልሱት ነጮቹ ቦታውን ይይዛሉ፤ ትቀዘቅዛለች። ማንም አላቀደውም። አበቦቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር ማደግ ብቻ ነው። እኔን ከምትቆጣ ፕላኔት ይልቅ ይሄ ነው የሚያስደንቀኝ።

ምድር ነፍስ አላት ወይ የሚለው የእምነትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ደራሲ ቢያነሳው ደስ ይላል። ስታነቡ ግን ፕላኔቷ «ፈለገች»፣ «ወሰነች» የሚል ካጋጠማችሁ ከላቭሎክ መላምት ወጥታችኋል።