የደንበኛ ክትትል ምንድን ነው?

ደንበኛን መከታተል ማለት እስኪገዛ ድረስ መደወል ነው የሚለው ትምህርት አሁንስ በዛ። በሥልጠና አዳራሽ ይነገራል፣ በቴሌግራም ይሰራጫል፣ ገና ሱቅ የከፈቱ ወጣቶችም እንደ ሕግ ይዘውታል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ የሽያጭ አሠልጣኝ ደንበኛው ስልኩን እስኪዘጋብህ ድረስ ሥራህን አልጨረስክም ሲል ሰማሁ። አስከትሎም ከ100 ሽያጭ 80ው የሚሳካው ከአምስተኛው ጥሪ በኋላ ነው አለ። ይህ ቁጥር በየአገሩ የሽያጭ ሥልጠና ላይ ለዓመታት ሲዞር የኖረ ነው። ማን እንዳጠናው፣ በየትኛው ገበያ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ሲሸጥ እንደተቆጠረ የሚገልጽ ማስረጃ አብሮት ሲቀርብ ግን አይቼ አላውቅም። አሠልጣኙን ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ አራት ጊዜ ተደውሎለት አምስተኛውን ያላነሣው፣ ከዚያም ለጎረቤቱ «ከዚያ ሱቅ ዋጋ እንዳትጠይቅ፣ አይለቁህም» ያለው ሰው በዚህ ስሌት ውስጥ የት ገባ?

ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከግዢ በፊት የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ ወይም ዋጋ እንዴት እንደሚተመን አላነሣም፤ ንግድ ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል። ክትትል ማለት ባለፈው ንግግራችን በእኔ በኩል የቀረውን ነገር ይዤ መመለስ ነው። «ዋጋውን ነገ እነግርዎታለሁ» ካልኩ ነገ መንገር። ቀለሙ የለም ብዬ ከነበረ ሲገባ ማሳወቅ። ደንበኛው ከባለቤቱ ጋር ሊማከር ከሄደ፣ ለመማከር የሚረዳውን ልኬትና ፎቶግራፍ መላክ። በእጄ ምንም ከሌለ የምደውልበት ምክንያት የለኝም። «እንዴት ሆነ?» የሚል ባዶ ጥሪ ለደንበኛው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ያልወሰነውን ጉዳይ አስታውሶ ያሳቅቀዋል እንጂ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደዋል። «እሺ፣ እደውላለሁ» ይላል፤ ከዚያ ስልክ ማንሣት ያቆማል። ሻጩ ያቺን «እሺ» እንደ ቃል ቆጥሮ ደጋግሞ ይደውላል፤ ደንበኛውም በዚያ ሱቅ በኩል ማለፍ ይተዋል። ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ደንበኛ የሚያጡት በዚህ መንገድ ነው፤ የሚያጡትም ሥራቸውን በትጋት እየሠሩ መስሏቸው ስለሆነ ያሳዝነኛል።

በጤና ጣቢያ የሚደረገውን የእርግዝና ክትትል አስቡት። ነፍሰ ጡሯ ስትመጣ አዋላጇ ነርስ መጀመሪያ ካርዱን ታወጣለች። ያለፈው ጊዜ የደም ግፊቷ ስንት ነበር፣ ምን ታዘዘላት፣ ምን አሳስቧት ነበር? የዛሬው ጥያቄ የሚነሣው ከዚያ ነው። የታዘዘላት የብረት እንክብል ተስማምቷት እንደሆነ ትጠይቃታለች እንጂ በመጣች ቁጥር «መቼ ነው የምትወልጂው?» እያለች አታስጨንቃትም። ቀጣዩ ቀጠሮ የሚያዘው እናቲቱ ከወንበሩ ሳትነሣ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ነገር ከታየ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። ከወሊድ በኋላም ካርዱ አይዘጋም፤ ለእናት ሕይወት እጅግ አስጊ ከሆኑት ጊዜያት አንዱ ከወለደች በኋላ ያሉት ሰዓታትና ቀናት ስለሆኑ የድኅረ ወሊድ ክትትል ይቀጥላል።

የነጋዴውም ክትትል ከካርዱ ይጀምራል። አንድ ደብተር ይበቃል፦ ማን ጠየቀ፣ ምን ጠየቀ፣ ለምን ፈለገው፣ እኔ ምን ቃል ገባሁ፣ መቼ። «ለምን ፈለገው» የሚለው መስመር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ትልቁ ጥቅም ግን እዚያ ላይ ነው። ቀጠሮውም ደንበኛው ከሱቁ ሳይወጣ ይያዝ፦ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብደውል ይመችዎታል?» ብሎ ተጠይቆ እሺ ያለ ሰው ሐሙስ ሲደወልለት አይደናገጥም። እኔ የማልሠራውን ነገር ከጠየቀ ደግሞ የሚሠራውን ባለሙያ ስልክ ሰጥቼ፣ ለባለሙያው አስቀድሜ ነግሬ እልከዋለሁ። ይህ ሪፈር ነው፤ ተገቢ ሪፈር የጻፈ ነጋዴ ደንበኛውን አጣ ማለት አይደለም።

ምሳሌ ላሳይ። አንዲት የቢሮ ኃላፊ ለስድስት ሠራተኞች ጠረጴዛ ልታሠራ ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ሄዳ ፕሮፎርማ ወሰደች እንበል። ከሦስት ቀን በኋላ የሚላክላት የተለመደው መልእክት «ሰላም፣ ስለ ፕሮፎርማው ምን ደረሰ?» የሚል ነው። ካርዱን ያወጣ ሰው ግን እንዲህ ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ማክሰኞ ስንነጋገር የቢሮው በር ጠባብ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር። 1.40 ሜትሩ ጠረጴዛ እግሩ ተፈትቶ ገብቶ ውስጥ መገጠም እንደሚችል አረጋግጫለሁ፤ ፎቶግራፉን አያይዤ ልኬያለሁ። ዋጋው እስከሚቀጥለው ዓርብ በጻፍኩልዎት ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ የኤምዲኤፍ እንጨቱን በአዲስ ዋጋ ስለምገዛ ይለወጣል። ሐሳብዎን ከቀየሩ ይንገሩኝ፤ ቅር አይለኝም።»

የበሩ ጥበት የእሷ ጭንቀት ነበር፤ መልስ አገኘ። ቀነ ገደቡ እውነተኛ ነው፣ ምክንያቱም ተነግሯል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ሳትሳቀቅ እምቢ እንድትል በር ይከፍትላታል። «እምቢ» ያለ ደንበኛ ለነጋዴው ጊዜውን ይመልስለታል፤ አንድ ወር ሙሉ «እሺ» ሲል የከረመው ግን ጊዜውንም ተስፋውንም ይበላበታል።

ስለ ቀነ ገደቡ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ሰው የአንድ ወር ዋጋ ጽፎ መስጠት ከብዶታል፤ ይህን ገዢዎችም ያውቃሉ። ታዲያ ይህንኑ መነሻ አድርጎ «ነገ ይጨምራል» እያለ በሐሰት የሚያስቸኩል ሻጭ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ዋጋ ሲሸጥ ይታያል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ሲናገርም የሚያምነው የለም። የጻፋችሁትን ቀንም አክብሩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጊዜ ገደብ ያለው የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ በሐሳቡ ይታሰራል።

ሌላም አለ። ብዙ መሥሪያ ቤት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ አንዳንዱ ሻጩን መርጦ ጨርሶ ሁለቱን ለማሟያ ይወስዳል። ፕሮፎርማውን ስትሰጡ «ለማሟያ ነው ወይስ ገና አልወሰናችሁም?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም፤ አብዛኛው የግዢ ሠራተኛ ይመልሳል። በመንግሥት ግዢ ግን ተጠንቀቁ። ጨረታ በግምገማ ላይ እያለ ገምጋሚ ጋር መደወል ክትትል አይባልም፤ በውሳኔ ላይ ጫና ለማሳደር እንደመሞከር ተቆጥሮ ከውድድር ሊያሰርዝ ይችላል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ለመሥሪያ ቤቶች ራስን ማስተዋወቅ የሚሻለው ቀደም ብሎ ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚደውል ሰው ወይ ዘግይቷል ወይ ሰው ያጨናንቃል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ቀብድ እስኪቀበል ድረስ ጠዋት ማታ የሚደውል፣ ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን የሚያጠፋ ስንት ባለሙያ አለ? ቁም ሣጥን ያዘዘ፣ ሶፋ ያዘዘ፣ የሠርግ ልብስ ያሰፋ ሰው ይመስክር። ዕቃው የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ነው፦ መብራት ይጠፋል፣ ሠራተኛ ይታመማል፣ ጨርቁ ከገበያ ይጠፋል። ደንበኛውም ይህን የማይረዳ ሆኖ አይደለም። የሚያበሳጨው ዝምታው ነው። ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው እሱ መደወል፣ ባለሙያው አለማንሣት። ቅድም ያነሣሁት የድኅረ ወሊድ ክትትል እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። «ለቅዳሜ ያልኩዎት ለማክሰኞ ነው የሚደርሰው፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ማክሰኞ ካልተመችዎት ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚል አንድ ጥሪ፣ ከሽያጩ በፊት ከተደረጉት ጥሪዎች ሁሉ ይበልጣል። ይህን ጥሪ ያገኘ ሰው ወንድሙን ይዞ ይመጣል። በነገራችን ላይ ቀብድ ዝም ብሎ የመያዣ ገንዘብ አይደለም፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ከተወ እጥፉን እንዲመልስ ሕጉ ያስገድዳል። ይህን ሳያውቁ በየአቅጣጫው ቀብድ የሚሰበስቡ አሉ።

ዱቤ መጠየቅም ክትትል ተብሎ ሲጠራ እሰማለሁ። ዕዳ ማስታወስ የራሱ ሰዓትና የራሱ አነጋገር አለው። ባንድ ጥሪ ላይ «ያችን ቀሪ ሒሳብ...» ብሎ ጀምሮ «ደግሞ አዲስ ዕቃ ገብቶልናል» ብሎ መጨረስ ሁለቱንም ያበላሻል፤ ባለዕዳው አዲሱን ዕቃ ቢፈልግ እንኳ አፍሮ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

ኔትወርኪንግ የሚሉት የንግድ ትውውቅም በዚሁ በሽታ ተይዟል። በባዛርና በኤግዚቢሽን መቶ ቢዝነስ ካርድ ሰብስቦ መመለስ፣ ከዚያ ቁጥሮቹን ሁሉ ሳያስፈቅዱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መክተት፣ በፋሲካ ዋዜማ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አንድ ዓይነት «እንኳን አደረሳችሁ» ከማስታወቂያ ጋር መላክ። አሠልጣኞቹ ለዚህ የሚጠቅሱት አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ነው። ጥናቱ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው እንደሆነ አሳይቷል። ግኝቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን የተጠናው የአሜሪካ ባለሙያዎች የሥራ ፍለጋ ነው፤ የሶፋ ሽያጭ አይደለም። ሩቅ የሆነ ሰው ወሬ ሊያቀብላችሁ ይችላል፤ «ለእሱ ስጡት፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ለመናገር ግን አይደፍርም።

እንዲህ የሚልላችሁን ሰው የምታፈሩት የት እንደሆነ የመርካቶ ነጋዴ ያውቀዋል። ዕቁብ ውስጥ በየሳምንቱ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ማን ሰበብ እንደሚያበዛ ሁሉም ያያል። ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን እንደሚከፍል ዋስ ያቀርባል፤ ዋስ የሚሆነውም ሲከፍል ያየው ሰው ነው። ማንም ስለ ሥራው ሳይሰብክ ሥራው ይታወቃል፤ አንዱ ሱቅ ሲያድስ አናጢውን እዚያው ይጠይቃል። ትውውቅ ስል ይህን ነው የምለው፦ ባሕርያችሁን ደጋግሞ የሚያይ፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ሰው። ዕድርም ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ ለቅሶ ቤት ግን ቢዝነስ ካርድ አይወጣም። ድንኳን ውስጥ ሥራውን ሲያስተዋውቅ የታየ ሰው ለረጅም ጊዜ በክፉ ይነሣል፤ ይገባዋልም።

አሠልጣኙ «ገበያው ጨካኝ ነው፣ ዝም ያለ ይረሳል» እንደሚለኝ አውቃለሁ። መረሳትን እኔም እፈራለሁ። ዝም በሉ አላልኩም፤ ካርዱ ላይ የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ሂዱ ነው ያልኩት። ጾም ሊፈታ ሲል ለምግብ ቤቱ ስለ ቅቤና ዕንቁላል አቅርቦት መደወል ክትትል ነው፤ በዓቢይ ጾም መካከል መደወል ግን ደንበኛን አለማወቅ ነው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ በረመዳን በማፍጠሪያ ሰዓት ሙስሊም ደንበኛ ጋር መደወልም እንደዚያው።

ስንት ጊዜ ይደወል ለሚለው ጥያቄ ቁጥር አልሰጥም፤ በዕቃው ይለያያል። ቤት የሚያሠራ ሰው ዓመት ያስባል፣ የቢሮ ወረቀት የሚገዛ ሰው በሰዓት ይወስናል። ቃል የገባችሁትን ሁሉ መልሳችሁ አዲስ ነገር ሲያልቅባችሁ ግን ተናግራችሁ አቁሙ፦ «እህቴ፣ ጉዳዩ ለጊዜው እንደቆመ ገባኝ፤ ከእንግዲህ አልደውልም። ልኬቱ ደብተሬ ላይ አለ፤ ሲያስፈልግዎት ከመጀመሪያው መጀመር የለብንም።» ደብተሩ ግን የሰው የግል መረጃ እንደያዘ አትርሱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስልክ ቁጥር ይዞ መጠቀም ሕጋዊ መሠረት ይፈልጋል፣ ለነጋዴ ቀላሉም የባለቤቱ ፈቃድ ነው። ሲመዘግቡ ማስፈቀድ ደቂቃ አይፈጅም። «ቁጥሬን አጥፋልኝ» ያለ ሰው ደግሞ ከስልኩም፣ ከቴሌግራሙም፣ ከደብተሩም በዚያው ቀን ይሰረዝ።