ላ ፓዝን ገልብጠን ነው የምናውቃት

ጥያቄና መልስ ላይ «የቦሊቪያ ዋና ከተማ ማን ናት?» ሲባል አብዛኞቻችን ሳናስብ «ላ ፓዝ» እንላለን። ትምህርት ቤት የሸመደድነው እሱን ነዋ። ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት እኔም እንደዚያው ብዬ ነጥቤን ወሰድኩ። አንዱ ልጅ ግን «ሱክሬ ናት» ብሎ ሙጭጭ አለ፣ ሳቅንበት። ልጁ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ እልህ ይዞኝ ስለዚች ከተማ ሳነብ ሰነበትኩ፤ አውቃለሁ ካልኩት ግማሹን ተገልብጦ አገኘሁት። አንድ በአንድ ላውራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዋና ከተማዋ ላ ፓዝ ናት»

ሕጉን ከጠየቃችሁ አይደለችም። የ2009ኙ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 የቦሊቪያ ዋና ከተማ ሱክሬ ናት ይላል። ላ ፓዝ የመንግሥት መቀመጫ ናት። ፕሬዚዳንቱም፣ ፓርላማውም፣ ሚኒስትሮቹም እዚያ ናቸው። ለሱክሬ የቀራት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ማዕረጉ ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ነገሩ ገንዘብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሱክሬን ቀጥ አድርጎ የያዛት የብር ማዕድን ነበር። የብር ዋጋ ወድቆ የቆርቆሮ ማዕድን ሲደራ ሀብቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሩሮና ወደ ላ ፓዝ ዞረ። በ1899 የሱክሬ ወግ አጥባቂዎችና የላ ፓዝ ሊበራሎች ጦር ተማዘዙ። የሊበራሎቹ መፈክር ፌዴራሊዝም ነበር፤ ጦርነቱም እስከ ዛሬ «የፌዴራል ጦርነት» ነው የሚባለው። አሸነፉ። ካሸነፉ በኋላ ግን ፌዴራሊዝሙን እርግፍ አድርገው ተዉትና የመንግሥቱን መቀመጫ ብቻ ይዘው ቀሩ። ይባስ ብሎ አብረዋቸው የተዋጉት፣ መሬታችን ይመለስልናል ብለው በፓብሎ ሳራቴ ዊልካ መሪነት የተነሱት የአይማራ (የአገሬው ነባር ሕዝብ) ገበሬዎች ምንም አላገኙም፤ ዊልካም ታሰረ፣ ኋላም ተገደለ።

ያለፈ ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በ2007 ሱክሬዎች «መቀመጫችን ይመለስ» ብለው ሲነሱ፣ የላ ፓዝና ከበላይዋ ያለችው የኤል አልቶ ከተማ ሕዝብ «መቀመጫው ንቅንቅ አይልም» ብሎ አደባባዩን አጥለቀለቀው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሱክሬ ውስጥ በተነሳ ግጭት ሰው ሞተ።

«ላ ፓዝ ማለት ሰላም ነው፤ ከአገሬው ጋር እርቅ የወረደባት ከተማ ናት»

ቃሉ ሰላም ማለት ነው፣ እሱ እውነት። ግን የማን ሰላም? የስፔኖቹ፣ እርስ በርሳቸው። ፔሩን የወረሩት ስፔኖች ተከፋፍለው ሲዋጉ ቆይተው፣ በንጉሡ ላይ ያመፀው ጎንሳሎ ፒሳሮ በ1548 ተሸንፎ አንገቱ ተቀላ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለዚህ ሰላም መታሰቢያ ነው። መጀመሪያ ላሃ በሚባል ሜዳ ላይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሸለቆው ወረዱ። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ቀድሞውንም ሰው ነበረበት፣ ወንዙም ወርቅ ይወጣበታል። አይማራዎቹ ዛሬም ከተማዋን ቹኪያፑ ነው የሚሏት።

«ሀብታም ከላይ፣ ድሃ ከታች»

መገልበጡ በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አስቧት። ከሳህኑ አፍ ላይ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኤል አልቶ አለች። መሃል ከተማው 3,600 ገደማ ነው። ታች «ደቡብ ሰፈር» የሚሉት 3,300 አካባቢ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ወጥታችሁ ትንፋሽ አጥሯችሁ ከሆነ፣ ያ 3,200 ገደማ ነው፤ ለላ ፓዝ ሰው ቆላ በሉት። ከታች ይሞቃል፣ አየሩም ይሻላል፤ ስለዚህ ገንዘብ ያለው ወደ ታች ይወርዳል። ከገጠር የመጣው ነፋሱ ላይ ይሰፍራል።

ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ሌላ ስህተት ይሠራል፤ ኤል አልቶን የላ ፓዝ የድሃ ሰፈር ያደርጋታል። ኤል አልቶ ከ1985 ጀምሮ የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ናት፣ በ2012 ቆጠራም በሕዝብ ብዛት ላ ፓዝን በልጣለች። የከበሩ የአይማራ ነጋዴዎች ያሠሯቸው፣ ቀለማቸው ከሩቅ የሚጮህ ሕንፃዎች አሏት። «ቾሌት» ይሏቸዋል። ከሥር ሱቅ ነው፣ መሃል ላይ የሰርግ አዳራሽ ከነመብራቱ ከነመስታወቱ። ከአናቱ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ቪላ፣ ሌላ ቦታ ተሠርቶ ተነስቶ የተቀመጠ ይመስል፣ ቁጭ ብሏል።

«ኬብል ካሩ ለቱሪስት ነው»

በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄድ፣ በ2014 የተከፈተ የከተማ ትራንስፖርት ነው፤ እንደ ሌላው አገር ሜትሮ 10 መስመር አለው። ቀዩ መስመር ከኤል አልቶ ወደ ታች ሲወርድ በትልቁ የመቃብር ስፍራ ላይ ያልፋል። መቃብሮቹ መሬት ላይ የተዘረጉ አይደሉም፤ እንደ ፎቅ ተደራርበው፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ የመስታወት መዝጊያ ያላቸው፣ ከውስጥ አበባና ፎቶ የተቀመጠባቸው ሳጥኖች ናቸው። ያንን ቁልቁል እያያችሁ፣ ከጎናችሁ ዕቃ በጀርባዋ ያዘለች ነጋዴና ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ተቀምጠዋል። ቱሪስቱ እናንተ ብቻ ናችሁ።

«በየዓመቱ መፈንቅለ መንግሥት ነው»

ቦሊቪያ 190 ምናምን መፈንቅለ መንግሥት አይታለች የሚል ቁጥር ይዞራል። የከሸፈውን ሙከራና አመፁን ሁሉ ካልደመራችሁበት አይሞላም። ከ1982 ወዲህ አገሪቱን የሚመራው ሲቪል መንግሥት ነው። በእርግጥ ላ ፓዝ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ሙሪዮ አደባባይ ብዙ አይቷል። ቤተ መንግሥቱ በ1875 ተቃጥሎ «የተቃጠለው ቤተ መንግሥት» የሚል ስም ወጥቶለት ቀርቷል። በ1946 ደግሞ ሕዝብ ፕሬዚዳንት ቪያሮኤልን ገድሎ ከፊት ለፊቱ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ ሰቀለው። በ2019 ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ ከሥልጣን የወረደበትን ግማሹ መፈንቅለ መንግሥት፣ ግማሹ በምርጫ ማጭበርበር የተነሳ የሕዝብ ቁጣ ይለዋል፤ ቡና ላይ ከቦሊቪያ ሰው ጋር ባታነሱት ይሻላል። በጁን 2024ም አንድ ጄኔራል ብረት ለበስ ይዞ መጥቶ የቤተ መንግሥቱን በር ገጨ። ከሰዓት የገባ ሳይመሽ አለቀለት፣ ታሰረ።

እኔን የገረመኝ ግን ጄኔራሎቹ አይደሉም። ላ ፓዝ ውስጥ መንግሥት የሚጥለው የሳህኑ አፍ ነው። መንገዱ፣ ምግቡ፣ ነዳጁ በብዛት የሚገባው በኤል አልቶ በኩል ነው፤ ላይ ሆኖ ከዘጋው፣ ታች ያለው ይታነቃል። መጀመሪያ ይህን ያሳየው በ1781 ቱፓክ ካታሪ ነው፤ ከሚስቱ ከባርቶሊና ሲሳ ጋር በአስር ሺህ የሚቆጠር የአይማራ ጦር ይዞ ስፔኖቹን ለወራት ከበባቸው። ከታች ያለው ሰው ረሃብ ፈጀው። ካታሪ ተይዞ በፈረስ ተጎትቶ ተበለተ፣ ሲሳም በዓመቱ ተገደለች። አሁን የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት በስሙ ተሰይሟል።

በ2003 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጎንሳሎ ሳንቼስ ዴ ሎሳዳ የአገሪቱን ጋዝ በቺሊ ወደብ በኩል ለመላክ አሰበ። ቺሊ ማለት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት የቦሊቪያን የባሕር በር የወሰደች አገር ናት፤ ቁስሉ እስከ ዛሬ አልሻረም፣ ቦሊቪያም ባሕር ሳይኖራት ባሕር ኃይል አላት። ኤል አልቶ መንገዱን ዘጋ። ላ ፓዝ ነዳጅ አለቀባት። ወታደር ነዳጅ አጅቦ ለማውረድ ሲሞክር ተኩስ ተከፈተ፣ በዚያ ወር ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ኦክቶበር 17 ፕሬዚዳንቱ ሥልጣኑን ለቆ ወደ አሜሪካ በረረ። አንድም ጄኔራል ሬዲዮ ጣቢያ አልያዘም።

«የቾሊታዎቹ ልብስ ከኢንካ ዘመን የወረደ ነው»

ቾሊታ የሚባሉትን የአገሬው ሴቶች ፎቶ አይታችሁታል፤ ድርብርብ ሰፊ ጉርድ፣ ሻል፣ ሁለት ረጅም ጉንጉን፣ አናት ላይ ጣል የተደረገች ክብ ጥቁር ባርኔጣ። ጉርዱ የመጣው ከስፔን ነው። ባርኔጣው የአውሮፓ ወንዶች ባርኔጣ ነው። ለባቡር ሠራተኞች የመጣ ባርኔጣ ጠቦ ለሴቶች ተሸጠ የሚለውን ወሬ አስጎብኚ ሁሉ ያወራዋል፤ ጥሩ ተረት ነው። ለቱሪስት የሚለበስም አይደለም። ይህን ልብስ የለበሰች ሴት ምግብ ቤት አትገባም የምትባልበት ዘመን ቅርብ ነው። በ2006 የቤት ሠራተኛ የነበረችው ካሲሚራ ሮድሪጌስ የፍትሕ ሚኒስትር ስትሆን ቢሮ የገባችው በጉርዷ ነው።

«ኮካ ኮኬይን ነው»

ጤፍ ጠላ ነው እንደማለት ነው። ኮካ ተክል ነው፤ ቦሊቪያዎች ቅጠሉን ያኝኩታል፣ እንደ ሻይ አፍልተው ይጠጡታል፣ ለከፍታው ራስ ምታት ይሰጣችኋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ኮኬይን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው፤ ዱቄቱን ለማውጣት ኬሚካልና ብዙ ኩንታል ቅጠል ይፈልጋል። ቦሊቪያ በቅጠሉ ምክንያት ከተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ወጥታ፣ በ2013 ማኘክ ለዜጎቼ ይፈቀዳል የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገብታ ተመልሳለች።

«የፓርላማው ሰዓት ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ከ2014 ጀምሮ ሆን ብለው ወደ ግራ እንዲዞር አድርገውታል፣ ቁጥሮቹም ተገልብጠው ነው የተጻፉት። ከምድር ወገብ በስተደቡብ የጥላ ሰዓት የሚዞረው ወደዚያ ነው፤ የሰሜኑን አዟዟር ለምን እንከተላለን ነው ነገሩ። ተቃዋሚዎች ተሳለቁ፤ ሰዓቱ ግን እንደዚያው ቆየ።

«ከፍታው ስላለ በእግር ኳስ እዚያ ማንም አያሸንፋቸውም»

ኤፕሪል 1 ቀን 2009 ማራዶና የሚያሠለጥነው፣ ሜሲ የተሰለፈበት አርጀንቲና ላ ፓዝ ላይ 6 ለ 1 ተረታ፤ ወሬው የነገሠው ያን ጊዜ ነው። ፊፋም በ2007 ከፍታ ላይ ጨዋታ ከልክሎ ኋላ ትቶታል። ግን ከፍታው ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ቦሊቪያ እስከ 2022 ድረስ ማጣሪያ ተጫውታ ዓለም ዋንጫ የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1994፣ ባልሆነ ነበር። በ2023 አርጀንቲና እዚያው ሜዳ ላይ፣ ሜሲ ሳይሰለፍ፣ 3 ለ 0 አሸንፋ ወረደች።