የሳውንድ ካርድ ድራይቨር ዲፎልት ሴቲንግ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ዲፎልት ሴቲንግ ማለት ድራይቨሩ (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም) ገና ሲጫን፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካካ የሚያገኘው አቀማመጥ ነው። በሳውንድ ካርድ ላይ ይህ ብዙ ነገር ይይዛል። ድምፁ በየትኛው ቀዳዳ ይወጣል? ከምን ያህል ቮሊዩም ይጀምራል? ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ስንት ይሁን? ካርዱ ሥራ ሲፈታ ይተኛ ወይስ ነቅቶ ይጠብቅ? አብዛኛው ሰው የድምፅ ሴቲንግ ከፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ድራይቨሩን የጻፈው ሰው አንድ ቀን የመረጣት ቁጥር ኮምፒውተሩ እስኪጣል ድረስ አትነካም።

ከዊንዶውስ 95 በፊት በነበረው በዶስ ዘመን ዋናው ጣጣ ግጭት ነበር፤ ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ይሻሙ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1989 የወጣው ሳውንድ ብላስተር ከፋብሪካ ሲወጣ ፖርት 220 (የካርዱ አድራሻ)፣ ኢንተራፕት 7 (ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር) እና ዲኤምኤ 1 (ከሜሞሪ ዳታ የሚወስድበት መስመር) ላይ ተቀምጦ ነበር። ችግሩ ኢንተራፕት 7 የፕሪንተር ፖርቱም መሆኑ ነው። በኋላ የወጡት ካርዶች ወደ 5 ዞሩ። 5 የሁለተኛው ፕሪንተር ፖርት ድርሻ ነበር፤ ሁለት ፕሪንተር የነበረው ሰው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ጌሞች እነዚህን ቁጥሮች «ሴት ብላስተር ኤ220 አይ5 ዲ1» ከሚል አንድ መስመር ያነቡ ነበር። ይችን መስመር እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ የያዘ ትውልድ አለ። ዊንዶውስ 95 ፕለግ ኤንድ ፕለይን ይዞ ሲመጣ ቁጥር የመምረጡ ሥራ ለሲስተሙ ተተወ።

ነገሩ በደንብ ተጽፎ የሚገኘው ሊኑክስ ላይ ነው። ድራይቨሮቹም ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ ማን ምን እንደመረጠ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። አልሳ የተባለውን የድምፅ ሥርዓት ያሮስላቭ ኪሴላ የጀመረው በ1998 ሲሆን መነሻው ግራቪስ አልትራሳውንድ ለተባለ አንድ ካርድ የተጻፈ ድራይቨር ነበር። በ2002 ወደ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ገባ። በ2003 መጨረሻ ከርነል 2.6 ሲወጣ የቀድሞውን የድምፅ ሥርዓት ኦኤስኤስን ተክቶ ዋናው ሆነ።

የአልሳ ታዋቂው ዲፎልት ዝምታ ነው። ድራይቨሩ ሲነሳ ቻናሎቹ ሁሉ ሚዩት (ድምፃቸው የተዘጋ) ናቸው። አዲስ ተጠቃሚ ሁሉን በትክክል ይጭናል፣ ዘፈኑ ስክሪን ላይ ይሄዳል፣ ከስፒከሩ ግን ጭጭ። የቮሊዩም ማስተካከያውን አልሳሚክሰርን ሲከፍት የተደረደሩ ዘንጎች ያያል። ከእያንዳንዱ ዘንግ ሥር ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት «ኤም» ፊደላት ተጽፈዋል። «ኤም» ቁልፍን ሲጫን ፊደሎቹ ወደ ሁለት ዜሮ መሳይ ምልክት ይቀየራሉ፣ ድምፁም ይለቀቃል። ስንቱ ሰው ይህችን ሳያይ ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ ደምድሟል!

ያም ሆኖ ምርጫው ትክክል ነበር። ድራይቨሩ ከቀዳዳው ማዶ ምን እንደተሰካ አያውቅም። ኢርፎን ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ አምፕሊፋየርም ሊሆን ይችላል። የማይኩ ድምፅ በቀጥታ ወደ ስፒከር የሚሄድበት ቻናል ክፍት ከሆነ ደግሞ ክፍሉ በፉጨት ይናጋል። ዝምታ ቢያናድድም ይስተካከላል፣ ጆሮ ላይ የጮኸ ድምፅ ግን አይመለስም። ለየካርዱ የሚስማማውን መነሻ ቮሊዩም የመወሰኑን ሥራ በኋላ አልሳሲቲኤል የተባለው መሣሪያ ተረከበው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የነበረውን አቀማመጥ ፋይል ላይ ያስቀምጣል፣ ሲበራም መልሶ ይጭናል።

ሌላው ጉዳይ የካርዶች ተራ ነው። አልሳ ውስጥ ካርድ 0 የሆነው ዲፎልት ይሆናል። ላፕቶፕ ላይ የኤችዲኤምአይ ድምፅ ቀድሞ ከተነሳ 0ን እሱ ይወስዳል፣ ድምፁም ስፒከር ወደሌለው ሞኒተር ይሄዳል። ዩኤስቢ ኢርፎን ተሰክቶ ሲነሳም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል። ዴቢያንና ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽኖች፣ ማለትም ዓይነቶች) ለዚህ ብልሃት ነበራቸው፦ ለዩኤስቢ ድምፅ ድራይቨር ተራ ቁጥር ማይናስ 2 ሰጡት። ትርጉሙ «የፈለግከውን ቦታ ያዝ፣ አንደኛዋን ብቻ አትንካ» ነው።

ሳምፕል ሬት ላይ ክርክሩ ያለቀ አይመስልም። ሲዲ 44,100 ኸርዝ ነው፣ ቪዲዮ ደግሞ 48,000። በሁለቱ መካከል ያለው ምጣኔ 147 ለ160 ስለሆነ መቀየሩ እንደ እጥፍ ቀላል አይደለም። የፕሮግራሞችን ድምፅ ቀላቅሎ ለአልሳ የሚያቀብለው ፐልስኦዲዮ 44,100ን መረጠ። ፌዶራ በተባለው ሊኑክስ 34ኛ እትም በ2021 ቦታውን የወሰደው ፓይፕዋየር ደግሞ 48,000ን። የዛሬው ሃርድዌር የሚመቸው 48,000 ነው የሚለው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ሲዲ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ግን ላይስማማ ይችላል።

በፈርን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ቦታ) በተመለከተ ፓይፕዋየር የሚነሳው ከ1,024 ሳምፕል ነው፣ በ48,000 ሲሰላ 21 ሚሊሰከንድ ገደማ። ይህ ከሰባት ሜትር ርቀት ስፒከር እንደ መስማት ነው፤ ለፊልም ምንም አይደለም። ኪቦርድ ለሚጫወት ሙዚቀኛ ግን ጣቱና ድምፁ ይለያያሉ፣ ወደ 128 ማውረድ ይፈልጋል። 128 ለሁሉም ዲፎልት ቢሆን ደግሞ ሲፒዩው ትንሽ ሲጨናነቅ ድምፁ ይቆራረጣል።

ዲፎልት ሆኖ የከሸፈም አለ። ፐልስኦዲዮ የፕሮግራሙን ቮሊዩምና የካርዱን ቮሊዩም አንድ ላይ አሰረ። አንድ ፕሮግራም ራሱን 100 በመቶ ሲያደርግ የካርዱ ቮሊዩም አብሮ ጣሪያ ይነካል። ኢርፎን ያደረገ ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያቅትም። ኡቡንቱ ዘጋው፣ ደግ አደረገ።

ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የሁሉን ፕሮግራም ድምፅ በአንድ ሬት ይቀላቅላል፣ በፈሩም 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ጥሪ ሲመጣ የሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ መቀነሱም ዲፎልት ነው፤ ሙዚቃው ለምን እንደከሳ ያልገባው ብዙ ነው። ማክ ላይ ሥራውን ኮር ኦዲዮ ይይዘዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ እንቅልፍ ነው። የሊኑክስ ኤችዲ ኦዲዮ ድራይቨር ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱን ሥራ ሲፈታ የሚያጠፋበት የሰከንድ ቁጥር አለው። 0 ከሆነ አይተኛም። አንዳንድ ዲስትሪቢዩሽኖች 1፣ ሌሎች 10 ያደርጉታል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ካርዱ ሲተኛና ሲነቃ ስፒከሩ «ቷ» ይላል። ማታ ጸጥ ባለ ክፍል፣ መልእክት በገባ ቁጥር «ቷ»። ለዚህ መፍትሔው ቁጥሩን ለሁሉም ወደ 0 መመለስ አልሆነም። ከርነሉ ውስጥ ይህ ችግር የታየባቸው ማሽኖች ዝርዝር አለ፤ እነሱ ብቻ እንዳይተኙ ይደረጋል። አዲስ ማሽን «ቷ» ማለቱ ሲታወቅ አንድ መስመር ይጨመራል።