የአንቲቦዲ «ግማሽ ዕድሜ» ምንድን ነው?

«የክትባቱ አንቲቦዲ ግማሽ ዕድሜ 3 ወር ስለሆነ መከላከያው በ6 ወር ያልቃል» የሚል አስተያየት በዚህ ሳምንት እንደገና አነበብኩ። አንቲቦዲ ሰውነት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ግማሽ ዕድሜው ደግሞ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ የሚወስደው ጊዜ ነው። በየ3 ወሩ ግማሹ ቢጠፋ እንኳ በስድስተኛው ወር ሩቡ ይቀራል፤ ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው። የሚያሳስበኝ፣ አስተያየት ሰጪው ግማሽ ዕድሜን ከአንቲቦዲው ጋር የተፈጠረና የማይለወጥ ጠባይ አድርጎ መያዙ ነው።

በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አይጂጂ የተባለው አንቲቦዲ ግማሽ ያህሉ በ21 ቀን ገደማ ከሰውነት ይወገዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ 45 ሰዎችን እስከ 26 ዓመት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ግን የቴታነስ አንቲቦዲ መጠን በግማሽ ለመቀነስ 11 ዓመት፣ የዲፍቴሪያው 19 ዓመት እንደሚፈጅበት ገምቷል። ሁለቱ የማይጣሉት፣ የመጀመሪያው የሚወገደውን ብቻ ሲለካ ሁለተኛው በሚወገደውና በሚተካው መካከል ያለውን ልዩነት ስለሚለካ ነው።

የክረምት ጎርፍ የሞላት፣ ከሥሯ ቀጭን ምንጭ የሚፈልቅባት ኩሬ እናስብ። በመስከረምና በጥቅምት ብቻ የለካት ሰው በጥር ትደርቃለች ብሎ ይፈርዳል፤ እሷ ግን ከኅዳር በኋላ ምንጩ በሚመግባት ልክ ዝቅ ብላ ትረጋለች። ጎርፉ ከክትባት ወይም ከሕመም በኋላ ተረባርበው አንቲቦዲ የሚያመርቱት ዕድሜያቸው አጭር ሴሎች ናቸው፤ ምንጩ ደግሞ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ለዓመታት የሚኖሩት ናቸው። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ቦዩን ፈጥነው የሚከፍቱ፣ መንገዱን የሚያውቁ ገበሬዎችም አሉ፤ እነዚህ ተሕዋሱን አስታውሰው ሲመለስ ፈጥነው የሚነሡ የትውስታ ሴሎች ሲሆኑ የአንቲቦዲ ምርመራ ጨርሶ አይቆጥራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ኮቪድ በቀላሉ ይዟቸው የዳኑ ሰዎችን ሲከታተል፣ አንቲቦዲው በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ በዝግታ ሲወርድ አይቷል፤ መቅኒያቸው ከተመረመረ 19 ሰዎች በ15ቱም እነዚያን ምንጮች አግኝቷል።

ስለዚህ ግማሽ ዕድሜ ሲጠቀስ «ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር የተለካ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። በየጊዜው በግማሽ የሚቀንስ ነገር ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ በሚታይበት የሎጋሪዝም መስፈሪያ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር፣ መስመሩ በእርግጥ ሁለት ቁልቁለት ካለው፣ የጎርፉን ፍጥነት ለምንጩ መስጠት ነው። የሰዎቹ አማካይም የአንድ ሰው መንገድ አይደለም፤ ሚክስድ ኢፌክትስ ሞዴል የተባለውን የስታቲስቲክስ ዘዴ የምንጠቀመው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መነሻና የራሱን ቁልቁለት ለመፍቀድ ነው።

ሞዴሉ ግን የተበላሸ መረጃን አያክምም። ከመሣሪያው የመለኪያ ወለል (ሊለካው ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን) በታች የወረደው ውጤት «ዜሮ» ተብሎ ከተመዘገበ ቁልቁለቱ ያለ አግባብ ገደላማ ይሆናል፤ ተሳታፊው በሁለት ቀጠሮ መካከል ሳያውቅ ዳግመኛ ከተያዘ ደግሞ ኩሬዋ ያልታየ ዝናብ አግኝታለችና ግማሽ ዕድሜው ከእውነተኛው ረዝሞ ይታያል።