የራግቢ ቋሚና የአሜሪካ እግር ኳስ ቋሚ፦ «ያው ናቸው» ለሚሉኝ

ደሴ ፒያሳ ቡና የምጠጣበት ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ራግቢ ባሳየ ቁጥር «የአሜሪካኖቹ ኳስ መጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ስኒዬን አስቀምጬ ማስረዳት ስለሰለቸኝ እነሆ በጽሑፍ።

ኳሱ በአግዳሚው ሥር ይገባል? አይገባም። በሁለቱም ጨዋታ ምቱ የሚቆጠረው በቋሚዎቹ መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ሲያልፍ ነው። ከቋሚዎቹ ጫፍ በላይ ከበረረስ? ቋሚው ወደ ሰማይ እንደቀጠለ ታስቦ ይዳኛል። የአሜሪካኖቹ በጣም ይሰፋል? የራግቢው 5.6፣ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ 5.64 ሜትር ነው፤ አራት ሳንቲሜትሩን ከወንበር ሆኖ ለሚለይ ዓይን እጅ እነሣለሁ።

ደሜን የሚያፈላው «ቦታቸውም አንድ ነው» የሚለው ነው። የራግቢው ልክ የግብ መስመሩ ላይ፣ ተጫዋቾች ተደራርበው በሚወድቁበት ቦታ ይተከላል። የአሜሪካኖቹ ከግብ መስመሩ 10 ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ የሜዳው መጨረሻ ላይ ነው። የፕሮፌሽናል ሊጉ ቋሚም እስከ 1973 እ.ኤ.አ. የግብ መስመሩ ላይ ነበር፤ በ1974 ወደ ኋላ የተወሰደው በምት ብቻ ነጥብ መልቀም ስለበዛ ነው። «ብረት ለመቆጠብ አንድ እግር አደረጉት» ያለኝ የኮምቦልቻ በያጅም ይስማኝ፦ በ1967 የመጣው ባለ አንድ እግር ከኋላ ተተክሎ ወደ ፊት የሚታጠፈው፣ ተጫዋች እንዳይጋጨው ነው።

ባለፈው አንድ የራግቢ ተጫዋች መስመሩን ካለፈ በኋላ ኳሱን ሳያሳርፍ ወደ ቋሚዎቹ መሃል ሲሮጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ጉረኛ!» አሉ። ጉራ አይደለም ጋሼ፤ ኳሱን መሬት አስነክቶ ነጥብ ካገኘ በኋላ ቡድኑ ወደ ቋሚዎቹ ተጨማሪ ምት ይመታል፤ ምቱም የሚመታው ኳሱ ባረፈበት ቦታ ትይዩ ነው። ጥግ ላይ ካሳረፈው ቋሚዎቹ ለመቺው ይጠብቡበታል። በ2023 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኒውዚላንድ ከመሃል ርቃ ካሳረፈችው ኳስ በኋላ የተመታው ምት ሳተ፤ ደቡብ አፍሪካ 12 ለ 11 አሸነፈች፤ አሥራ ሁለቱም ነጥብ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈ ቅጣት ምት ነው።

በባሕር ዛፍ ለልጆች የራግቢ ቋሚ የምትተክሉ ካላችሁ፣ መስመሩ ላይ ስለሚቆም እግሮቹን ሸፍኑ። እኛ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀን እስከ ልጅ ራስ ቁመት ድረስ እናስራለን። በገመድ እንጂ በሽቦ አትሰሩ፤ የአንዱን ተማሪዬን ጉንጭ የቧጨረው ምሰሶው ሳይሆን እኔው ያሰርኩት ሽቦ ነበር።